ስለ ሴቶች መደፈርና ስለ ቅጣቱ ልክ

በአዲስ አበባ ከተማ መካከል ያለው የቂርቆስ ሠፈር ስሙን ያገኘው፣ ገና በሦስት ዓመቱ ከእናቱ ከቅድስት ኢየሉጣ ጋር ሰማዕትነትን በተቀበለው ሕፃን ስም ከቆመው ቤተ ክርስቲያን ነው። ጎረቤቱ ካዛንቺስ ግን ስሙን የወረሰው በጠላት ወረራ ዘመን ለኢጣልያ መንግሥት ሠራተኞች ከተሠሩት ቤቶች ነው። ዛሬ ሁለቱም በአንድ ክፍለ ከተማ ሥር ይተዳደራሉ። በዚህ ክፍለ ከተማና በአቅራቢያው፣ ግፍ የተፈጸመባት ሴት ፍርድ ለማግኘት የምታልፍበት መንገድ በአጭር ርቀት ተዘርግቶ ይታያል። በጋንዲ መታሰቢያ ሆስፒታል የተደፈሩ ሴቶችና ሕፃናት ሕክምናቸውንም አቤቱታቸውንም በአንድ ጣራ ሥር የሚፈጽሙበት ማእከል ከተከፈተ ከዐሥር ዓመት በላይ ሆኖታል። የፌዴራል መጀመሪያ ደረጃ ፍርድ ቤትም በዚያው በቂርቆስ ምድብ ችሎት አለው። በካዛንቺስ አጠገብ ደግሞ በ1955 ዓ.ም. የአፍሪካ መንግሥታት መሪዎች ተሰብስበው የአንድነት ድርጅታቸውን የመሠረቱበት የአፍሪካ አዳራሽ ቆሟል። ሐኪም ቤቱ፣ ችሎቱና አዳራሹ ስለ አንዲት ሴት መበደል ምን እንደሚያገናኛቸው ከዚህ በታች ይታያል።

በነሐሴ ወር 2016 ዓ.ም. ከባሕር ዳር የተሰማው ወሬ የአገሩን ሰው ሁሉ ልብ ያቈሰለ ነበር። አንዲት የ7 ዓመት ሕፃን በ2015 ዓ.ም. ክረምት ተደፍራ ተገድላ ነበርና፣ ገዳይዋም የ25 ዓመት ጽኑ እሥራት የተፈረደበት መሆኑ በታወቀ ጊዜ፣ ፍርዱ ከሥራው ጋር አይመዛዘንም በማለት ከ200,000 የሚበልጥ ሰው ስሙን በአቤቱታው ላይ አኖረ። እንዲህ ያለ ብዙ ሰው ስለ አንድ የፍርድ ቍጥር በአንድ ቃል መናገሩ በአገራችን የተለመደ ነገር አይደለም። ነገር ግን ኀዘኑ እውነተኛ ሆኖ ሳለ ጥያቄው በትክክል የተጠየቀ አልነበረም። ብዙ ሰው ሕጉ ራሱ ደካማ ነው፣ ስለዚህ አዲስ ሕግ ይውጣ፣ ወንጀለኛውም በሞት ይቀጣ አለ። ሕጉን ገልጦ ያነበበ ሰው ግን ሌላ ነገር ያገኛል።

ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራበት የወንጀል ሕግ፣ በዓመት የሚቈጠረውን ጽኑ እሥራት ከ1 እስከ 25 ዓመት ወስኖታል። ስለዚህ 25 ዓመት በቍጥር የሚነገረው እሥራት የመጨረሻው ጫፍ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለው የዕድሜ ልክ እሥራትና ሞት ብቻ ነው። ይኸው ሕግ በ627ኛው አንቀጽ ከ13 ዓመት በታች የሆነች ሕፃን የደፈረ ሰው ከ13 እስከ 25 ዓመት እንዲቀጣ ካዘዘ በኋላ፣ በድርጊቱ ምክንያት ከባድ ጉዳት ወይም ሞት የደረሰ እንደሆነ ቅጣቱን ዕድሜ ልክ ያደርገዋል። በ539ኛው አንቀጽ ደግሞ በጨካኝነትና በነውረኛነት የተፈጸመ ግድያ በዕድሜ ልክ ወይም በሞት እንደሚያስቀጣ ይናገራል። እንግዲህ በሩ ክፍት ነው። ሕዝቡ ሊጠይቅ የሚገባው፣ ዳኞቹ በበሩ ያልገቡበት ምክንያት ምንድን ነው፣ ምክንያቱስ የልጅቱ እናት ልታነበውና ልታስተውለው በምትችለው ቃል በፍርዱ ላይ ተጽፏልን ብሎ ነው።

ሞት ይፈረድ የሚለውም ጩኸት ቍጣን ያስታግሥ እንደሆነ እንጂ ነገሩን አያራምድም። በኢትዮጵያ ከ1999 ዓ.ም. ወዲህ የሞት ቅጣት ተፈጸመ ሲባል አልተሰማም። በሕንድ አገር በደልሂ ከተማ በታኅሣሥ 2005 ዓ.ም. አንዲት ተማሪ በአውቶቡስ ውስጥ ተደፍራ ከሞተች በኋላ ሕጉ ወዲያው እንዲጠነክር ተደርጎ ነበር፤ ከወንጀለኞቹ አራቱ የተሰቀሉት ግን ከሰባት ዓመት በላይ ቈይቶ በ2012 ዓ.ም. ነው።

በአገራችን ያለፈው ሕግ ከዛሬው ምን ያህል ቀላል እንደ ነበረ ማስታወስ ይገባል። በ1949 ዓ.ም. የወጣው የወንጀለኛ መቅጫ ሕግ አስገድዶ መድፈርን እስከ 10 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራት ይቀጣ ነበር፤ የተለየ ወለል ስላልነበረው ዳኛው ወድዶ እስከ 1 ዓመት ዝቅ ሊል ይችል ነበር። የዛሬው ሕግ 620ኛው አንቀጽ ወለሉን 5 ዓመት፣ ጣራውን 15 ዓመት አድርጎ፣ ልጅቱ ከ13 እስከ 18 ዓመት ያላት እንደሆነ፣ ወይም ድርጊቱ በብዙዎች ኅብረት ወይም በጭካኔ የተፈጸመ እንደሆነ ጣራውን ወደ 20 ዓመት ከፍ ያደርገዋል፤ ከባድ ጉዳት ወይም ሞት ካስከተለ ዕድሜ ልክ ነው። በዚሁ አንቀጽ ግን ከጋብቻ ውጭ የሚል ቃል ስላለ ባል በሚስቱ ላይ የሚያደርገው ማስገደድ በመድፈር አይቈጠርም። ይህ ጉድለት ራሱን የቻለ ነገር ስለሆነ እዚህ አይመረመርም።

እንግዲህ የሕጉ ቃል ከባድ ከሆነ ፍርዱ የሚቀልለው የት ነው? አንደኛው ቦታ የቅጣቱ ስሌት ነው። የወንጀል ሕጉ በ88ኛው አንቀጽ የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት የቅጣት አወሳሰን መመሪያ እንዲያወጣ ስላዘዘ፣ የመጀመሪያው መመሪያ በ2002 ዓ.ም.፣ የተሻሻለውም በ2006 ዓ.ም. ወጥቷል። ሐሳቡ የሚመሰገን ነው፤ ቀድሞ ለአንድ ዓይነት ወንጀል አንዱ ዳኛ 6፣ ሌላው ዳኛ 14 ዓመት ሊፈርድ ይችል ስለ ነበር ይህን ለማስተካከል ነው። ቅጣቱ በእርከን ተከፍሏል፤ ዳኛው መነሻውን ይይዛል፣ የማክበጃ ምክንያት ሲገኝ አንድ እርከን ይወጣል፣ የማቅለያ ምክንያት ሲገኝ አንድ እርከን ይወርዳል። ችግሩ ግን መሰላል የያዘ ሰው መውጣትና መውረዱን ብቻ ቈጥሮ ስለሚቆምበት ግድግዳ ሊረሳ መቻሉ ነው።

ከማቅለያዎቹ ሁሉ በችሎት አዘውትሮ የሚነሣው፣ ተከሳሹ ከዚህ በፊት ጥፋት የለበትም የሚለው ነው። የሕጉን 82ኛ አንቀጽ አስተውሎ ላነበበ ሰው ግን ቃሉ እንዲህ ባዶውን አልቆመም። ሕጉ የሚለው፣ አስቀድሞ መልካም ጠባይ የነበረው ሰው ወንጀሉን የሠራው በማስተዋል ማነስ፣ ወይም ባለማወቅና በየዋህነት፣ ወይም ድንገት ባልታሰበ አጋጣሚ የሆነ እንደሆነ ቅጣቱ ይቀለልለት ነው። መልካም ጠባይ የመጀመሪያው መስፈርት እንጂ ብቻውን የሚበቃ አይደለም። ሴት ልጅ ከሥራ የምትመለስበትን ሰዓት አስቀድሞ አጥንቶ በጨለማ የጠበቃት ሰው ባለማወቅ ወይም በአጋጣሚ ሠራ ማለት እንዴት ይቻላል? ከዚያ በፊት አለመከሰሱ የሚያስረዳው አለመከሰሱን ብቻ ነው፤ በዚህ ዓይነት ወንጀል ደግሞ ብዙዎቹ ሴቶች አፍረውና ፈርተው ዝም ስለሚሉ የጠራ መዝገብ የጠራ ልብ ምስክር ሊሆን አይችልም።

ሁለተኛው የተለመደ ማቅለያ ተከሳሹ የቤተሰብ አስተዳዳሪ ነው የሚለው ነው። ይህ በሕጉ ዝርዝር ውስጥ በስም የተጠራ ሳይሆን፣ ዳኛው ምክንያቱን ገልጦ ሌላም ነገር ለመመልከት እንዲችል በ86ኛው አንቀጽ ከተሰጠው ሥልጣን የሚመነጭ ነው። ለወንጀለኛው ልጆች መራራት ክፉ አይደለም። ነገር ግን የተደፈረችውም ሴት ልጆች ሊኖሯት ይችላሉ፤ እርሷም ሥራዋን ትታ፣ ቤቷን ለቃ፣ ሌሊት ድምፅ በሰማች ቍጥር እየባነነች ትኖር ይሆናል። በአንድ ወገን ያለውን ቤተሰብ ቈጥሮ በሌላው ወገን ያለውን ያልቈጠረ ሚዛን አንድ ሳሕን ብቻ ያለው ሚዛን ነው።

በማክበጃው በኩል ደግሞ 84ኛው አንቀጽ በሌሊት የተሠራውን፣ በመሣሪያ በማስፈራራት የተሠራውን፣ በኅብረት የተሠራውን፣ በዕድሜዋ ወይም በጤንነቷ ልዩ ጥበቃ በሚያስፈልጋት ላይ፣ በዘመድ ወይም በበታች ላይ የተሠራውን ሁሉ ዘርዝሮታል። አንድ ምክንያት አስቀድሞ በወንጀሉ አንቀጽ ውስጥ ከተቈጠረ ሁለተኛ እንዳይቈጠር ሕጉ ይከለክላል፤ ይህም ትክክል ነው። የቀረው ግን ሁሉ በዐቃቤ ሕግ አንደበት ተነሥቶ በማስረጃ መቅረብ ይገባዋል። የተከሳሽ ጠበቃ የደንበኛውን ማቅለያ ሲረሳ ታይቶ አይታወቅም። ዐቃቤ ሕግ ግን አንዳንድ ጊዜ ጥፋተኛ ነው የሚለውን ቃል ካገኘ በኋላ ድሉን እንደ ጨረሰ ቈጥሮ፣ የቅጣቱን አስተያየት በሁለት መስመር አጠናቅቆ ይቀመጣል። የሐኪሙ ወረቀት ስለ አካል ጉዳት ብቻ ተናግሮ ስለ አእምሮ ጉዳት ዝም ካለ፣ ዕድሜ ልክ የሚያሰኘው ከባድ የአእምሮ ጉዳት በሕጉ ላይ ተጽፎ በችሎት ሳይታወቅ ይቀራል። ከጋንዲ ሆስፒታል የሚወጣው ወረቀት ሙሉ መሆን የፍርዱን ልክ የሚወስነው ስለዚህ ነው።

ፍርድ የሚቀልልበት ሁለተኛው ቦታ ከስሌቱ በፊት፣ ጥፋተኛነት በሚመረመርበት ጊዜ ነው። ለዚህ ከሁሉ የሚበልጥ ምሳሌ የሚሆነው ከአዲስ አበባ ውጭ በአርሲ ዞን በጉና ወረዳ የተደረገው ነገር ነው። በመጋቢት 1993 ዓ.ም. አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ተጠልፋ ተደፈረች። ፖሊስ ካስለቀቃት በኋላ ጠላፊው በዋስ ወጥቶ ዳግመኛ ጠለፋት፤ አንድ ወር ያህል ደብቆ ይዞ የጋብቻ ውል አስፈረማት፤ በመጨረሻው ራሷ አምልጣ ወጣች። የወረዳው ፍርድ ቤት በሐምሌ 1995 ዓ.ም. በጠላፊው ላይ 10 ዓመት፣ በአራቱ ግብረ አበሮቹ ላይ እያንዳንዳቸው 8 ዓመት ፈረደ። በወረዳ ደረጃ የተቀመጡ ዳኞች ይህን ያህል መድፈራቸው ሊመሰገን የሚገባው ነበር። ነገር ግን አምስት ወር ሳይሞላ፣ በኅዳር 1996 ዓ.ም. የዞኑ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ማስረጃው ልጅቱ በፈቃዷ እንደ ሆነች ያሳያል ብሎ ፍርዱን ሰረዘ፤ አምስቱም ተፈቱ። የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም፣ የፌዴራሉ ሰበር ችሎትም አቤቱታውን ሳይቀበሉት ቀሩ።

ሁለት ጊዜ የተጠለፈች፣ አንድ ወር የታሰረች፣ አምልጣ የሸሸች የ13 ዓመት ልጅ ፈቃደኛ ነበረች ማለት፣ ፈቃድ የሚለውን ቃል ትርጕም ማሳጣት ነው። የኢትዮጵያ ሴቶች የሕግ ባለሙያዎች ማኅበርና ኢኳሊቲ ናው የሚባለው ድርጅት ነገሩን መቀመጫው በባንጁል ወደሆነው ወደ አፍሪካ የሰዎችና የሕዝቦች መብት ኮሚሽን ወሰዱት። ኮሚሽኑም በ2008 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መንግሥት ልጅቱን ባለመጠበቁና ወንጀለኞቹን ባለመቅጣቱ ቻርተሩን ተላልፏል ብሎ 150,000 የአሜሪካ ዶላር ካሣ እንዲከፍል ወሰነ። በካዛንቺስ አጠገብ በአፍሪካ አዳራሽ የተጀመረው የአህጉሩ አንድነት ከ50 ዓመት በኋላ በአስተናጋጁ አገር ፍርድ ላይ ፈራጅ ሆነ ማለት ነው። ኮሚሽኑ ያለው፣ ወንጀለኛውን ነጻ ያወጣ ፍርድ የአገሩን መንግሥት ባለዕዳ ያደርጋል ነው።

በጉና የተፈረመው የጋብቻ ውል የድንገት ሐሳብ አልነበረም። የ1949ኙ ሕግ ጠላፊው የጠለፋትን ሴት በሕጋዊ ጋብቻ ያገባት እንደሆነ ክሱ እንዲቀር ይፈቅድ ነበር። ኢጣልያ ራሷ እንዲህ ያለውን አንቀጽ የሰረዘችው በፈረንጆች ቍጥር በ1981 ነው፤ ሞሮኮ በ2014፣ ቱኒዝያ፣ ዮርዳኖስና ሊባኖስ በ2017 ሰረዙት። ኢትዮጵያ ከእነዚህ ከአራቱ ቀድማ ሰርዛዋለች፤ የዛሬው ሕግ 587ኛው አንቀጽ ጠለፋን ከ3 እስከ 10 ዓመት ይቀጣል፣ መድፈር የተጨመረበት እንደሆነ የመድፈሩ ቅጣት እንዲፈጸም ያዛል፣ በኋላ የሚደረግ ጋብቻም ወንጀለኛውን ከክስ እንደማያድነው በግልጥ ይናገራል።

ነገር ግን ከሕግ መጽሐፍ የተሰረዘ ነገር ከሽማግሌ ልብ ወዲያው አይሰረዝም። በገጠርም፣ እንደ ካዛንቺስ ባለው የከተማ መካከልም፣ የልጅቱ አባት ገንዘብ ተቀብሎ፣ ወይም ልጁን አግባት ተብሎ፣ ነገሩ በዕርቅ እንዲያልቅ የሚደረግበት ጊዜ አለ። በዕርቁ ላይ ካህን ተጠርቶ መስቀል ይይዛል፣ ውግዘት ያስገባል። ይህን ለማጽናትም በኦሪት ዘዳግም በ22ኛው ምዕራፍ ያለው፣ ያልታጨችን ልጅ የደፈረ ሰው ለአባቷ ብር ከፍሎ እንዲያገባት የሚያዘው ሥርዓት ይጠቀሳል። መጽሐፉን የሚያውቅ ሰው ግን ከዚያው ምዕራፍ ጥቂት ከፍ ብሎ፣ በሜዳ በኀይል የተያዘችው እጮኛ ምንም በደል እንደሌለባት፣ የደፈራት ሰው ሥራ ግን ሰውን ከመግደል ጋር የተስተካከለ እንደሆነ የሚመዝነውን ያገኛል። ብሩና ጋብቻው የተነገረው ሴት ያለ አባትና ያለ ባል መኖሪያ ላልነበራት ዘመን ሰው ነው፤ የግፉ ክብደት ግን በዘመን የሚለወጥ አይደለም። ካህን በዕርቅ ስም የወንጀል ክስ እንዲቀር ሲያደርግ የሚያስታርቀው ጠላፊውን ከአባቱ ጋር ነው፤ ልጅቱ በዚያ ሸንጎ ቃል የላትም።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ካልዕ የተጻፈውን የትዕማርን ነገር ካህናት ሁሉ ያውቁታል። አምኖን እኅቱን በደፈረ ጊዜ ንጉሥ ዳዊት ሰማ፤ ተቈጣም፤ ነገር ግን በኵሩን ስለ ወደደ ፍርድ አልሰጠም። ሁለት ዓመት ካለፈ በኋላ አቤሴሎም በማዕድ ላይ ገደለው፤ መንግሥቱም ከዚያ ወዲህ አልረጋም። በአገራችንም በ1989 ዓ.ም. በዚያው በአርሲ የተጠለፈች የ14 ዓመት ልጅ ጠላፊዋን በጠመንጃ ገድላ ተከስሳ ነበር፤ ፍርድ ቤቱ ራሷን ስትከላከል ነው ብሎ በነጻ ለቀቃት። ፍርዱ ትክክል ነበር። ሆኖም ሕፃን ልጅ ጠመንጃ እስክታነሣ ድረስ ዳኛም፣ ፖሊስም፣ ሽማግሌም ከእርሷ ርቀው እንደ ነበር መዘንጋት አይገባም።

ሦስተኛው የመቅለያ ቦታ ምስክር ነው። ከ2017 ዓ.ም. መጀመሪያ ጀምሮ በካዛንቺስ በተደረገው የከተማ ማደስ ሥራ የቀድሞዎቹ ቤቶች ፈርሰው ብዙዎቹ ነዋሪዎች ወደ ገላን ጉራና ወደሌሎች ዳር ሠፈሮች ተዛውረዋል። ቤት መሻሻሉ መልካም ነው። ነገር ግን ጩኸቱን በግድግዳ ማዶ የሰማችው ጎረቤት፣ ልጅቱን በደጃፉ ያየው ባለሱቅ፣ የቀበሌውን የቤት ቍጥር ይዞ በተጻፈ መጥሪያ ተፈልገው የማይገኙ ከሆነ፣ ከባድ ክስ በማስረጃ ማነስ ወደ ቀላል አንቀጽ ይወርዳል። የፌዴራል ፍርድ ቤቶች ሕፃናት በሌላ ክፍል ተቀምጠው ተከሳሹን ሳያዩ በቴሌቪዥን ምስክርነት የሚሰጡበትን ሥርዓት ዘርግተዋል፤ ክፍሉ ግን ሕፃኗ እስከዚያ ድረስ መጥታ ካልተቀመጠችበት አይጠቅምም። የመኖሪያ ዝውውሩን የሚመዘግቡ የክፍለ ከተማ ሹሞች የምስክሮችን አዲስ አድራሻ ለፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ማድረስ ከሥራቸው አንዱ አድርገው ቢይዙት ወጪው የወረቀት ያህል ብቻ ነው።

የመጨረሻው ከፍርድ በኋላ ነው። የወንጀል ሕጉ በ202ኛው አንቀጽ ታራሚው ከቅጣቱ ሦስት እጅ ሁለቱን ሲፈጽም፣ ዕድሜ ልክ የተፈረደበትም 20 ዓመት ሲሞላው፣ በአመክሮ ሊፈታ እንደሚችል ይናገራል። ስለዚህ 25 ዓመት የተፈረደበት ሰው 16 ዓመት ከ8 ወር ሲሞላው ጥያቄውን ማቅረብ ይችላል። ሕጉ ግን ሦስት ነገሮችን በአንድነት ይጠይቃል፤ ሥራውና ጠባዩ መሻሻሉን፣ ከተፈታ በኋላም በመልካም ይኖራል ተብሎ የሚታመን መሆኑን፣ ደግሞም በፍርድ ቤት የተወሰነውን ወይም ከተበደለው ወገን ጋር የተስማማበትን ጉዳት በሚችለው መጠን መካሱን። ስለ ሥራና ስለ ጠባይ ማረሚያ ቤቱ ይመሰክራል። ስለ ካሣው ግን ማን ይመሰክር? የወንጀሉን ክስ ተከትሎ ካሣ እንዲጠየቅ 101ኛው አንቀጽ ቢፈቅድም፣ በመድፈር ክስ ሲጠየቅ እምብዛም አይሰማም። ዳኛው በፍርዱ ቀን ለሴቲቱ የሚገባትን ካሣ መርምሮ ካልወሰነ፣ ከ16 ዓመት በኋላ የአመክሮው መዝገብ ሲገለጥ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ የሚጠየቅበት ቍጥር በመዝገቡ ውስጥ አይገኝም።